ለአሮጌ ፒካፕ ራዲያተር ስትገዙ፦ ከምርመራው እስከ ገጠማው (በተለይ የናፍጣ ሃይሉክስ ላላችሁ)

ይሄን የምጽፈው አሮጌ ፒካፕ ይዞ እንጀራውን ለሚበላ ሰው ነው። በተለይ የናፍጣ ሃይሉክስ፣ እነ ኤልኤን 106፣ ኤልኤን 166፣ ኤልኤን 167 (የሞዴሉ ኮድ ነው) ላላችሁ፣ ግን የኢሱዙ ዲ-ማክስም የሚትሱቢሺ ኤል 200ም ቢሆን አካሄዱ ያው ነው። እኔ 106 ደብል ጋቢና አለኝ፣ ሞተሩ 3ኤል ነው፣ እና ራዲያተር በችኮላ ገዝቼ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያሰነጠቅኩ ሰው ስለሆንኩ ሌላ ሰው እንዲደርስበት አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራዲያተሬ ማፍሰስ ጀመረ፣ ሱቅ ሄድኩ፣ «የሃይሉክስ ራዲያተር አለ?» አልኩ፣ «አለ» ተባልኩ፣ ከፈልኩ። ብሎኑ ገጠመ፣ ቱቦው ገጠመ፣ ከተማ ውስጥ ሁለት ወር ምንም ሳይል ሰራ። ከዛ ከደጀን በኩል ጭነት ይዤ አባይን ወርጄ ወደ ጎሃ ጽዮን ዳገቱን ተያያዝኩት፣ እዛ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወጡት፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፀሐዩ ከላይ፣ የድንጋዩ ሙቀት ከጎን፣ ግማሽ ሳልደርስ የሙቀት መርፌው ተነስቶ ቀዩ ላይ ቁጭ አለ። ለካ የተሸጠልኝ ለቤንዚን ሞተር የሚሆነው ቀጭኑ ነው። የብሎን ቀዳዳው አንድ ቦታ ነው፣ ቁመቱም ያው፣ ውፍረቱ ግን አይገናኝም። የነዚህ ሞተሮች ቴስታታ ደሞ ሙቀት አይወድም፣ በሁለቱ ቫልቮች መሃል ይሰነጠቃል፣ ይሄን የማያውቅ የሃይሉክስ መካኒክ የለም። ስለዚህ ብሎኑ ገባ ማለት ራዲያተሩ ገጠመ ማለት አይደለም፣ ከታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

አንደኛ፦ ጥፋቱ በእርግጥ የራዲያተሩ ነው?

ሞተር በሞቀ ቁጥር ራዲያተር መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ጠዋት ኮፈኑን ክፈቱና በደምብ እዩት። (በሙቅ ሞተር ክዳን እንዳትከፍቱ፣ በጨርቅም ቢሆን። ክዳኑ ውሃውን በግፊት ነው የያዘው፣ ስትከፍቱት ግፊቱ ይለቅና የፈላው ውሃ በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ሰው ሲቃጠል አይቻለሁ።)

ከክዳኑ ጀምሩ፣ ምክንያቱም ርካሹ እሱ ነው። ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል ወይ፣ ስፕሪንጉ በጣት ስትጫኑት ይመለሳል ወይ። ብዙዎቹ የቶዮታ ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 88 የሚል ተጽፏል፣ ግፊቱ ነው። ይሄ ነገር እኛ አገር ከሌላው የበለጠ ወሳኝ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ በ92 አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ። ጤነኛ ክዳን ግን ግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 በላይ ይወስድላችኋል። እና የክዳን ላስቲክ ካለቀ ራዲያተራችሁ አዲስም ቢሆን ደብረ ብርሃን ሳትደርሱ ውሃ ይተፋል። «እንግዲያው ጠንከር ያለውን ልግጠም» ብላችሁ ደሞ 1.1 ወይም 1.3 እንዳታደርጉ፣ በአሮጌ ራዲያተርና በአሮጌ ቱቦ ላይ ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይቀደዋል።

ቀጥሎ ቴርሞስታት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚይዘው ቫልቭ። ብዙ ጋራዥ «አውጥተን እንጣለው» ይላችኋል፣ እባካችሁ አትፍቀዱ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በዛው የአቋራጩን ቀዳዳ ይዘጋል፣ ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀርና የውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተር ይመለሳል። ማለትም ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ዳገት ላይ ደሞ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ሁለቱም ኪሳራ። ለመፈተሽ በድስት ውሃ ውስጥ ከትታችሁ አፍሉት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ላዩ ላይ 88 የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ በተከፈተ ድስት ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት ላታዩት ትችላላችሁ፣ ውሃው 92 ላይ ፈልቶ ስለሚቆም። መከፈት ከጀመረ ደህና ነው፣ «ሞቷል» ብላችሁ አትጣሉት። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ግን ቀይሩት።

ፋኑን እዩ። የነዚህ መኪኖች ፋን ክላች ውስጡ ዘይት አለው፣ ሲሞቅ መያዝ አለበት። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ (ቁልፉን ንቀሉት) ፋኑን በእጅ ስታዞሩት ከበድ ብሎ ወዲያው መቆም አለበት፣ እንደ ብስክሌት ጎማ ሶስት አራት ዙር ከዞረ ክላቹ አልቋል። ሌላው ደሞ ፋኑን ዙሪያውን የሚከበው የፕላስቲክ መከለያ ነው፣ ብዙ አሮጌ ፒካፕ ላይ የለም፣ አንድ ጊዜ ለጥገና ይወልቅና ጥግ ላይ ተረስቶ ይቀራል። ያ ፕላስቲክ ከሌለ ፋኑ አየሩን በራዲያተሩ ውስጥ መሳብ ትቶ ከጎን የሞቀውን የሞተር አየር መልሶ ያዞራል። ፈልጋችሁ አስገጥሙት፣ ለብቻው ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ቴስታታውን ደሞ ሳታረጋግጡ ብር አታውጡ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ክፈቱ፣ ውሃውን እስከ አፉ ሙሉት፣ አስነሱት። ወዲያው እንደ ሚፈላ ሽሮ አረፋ ካስነሳ፣ ወይም ክዳኑ ተገጥሞ በሁለት ሶስት ደቂቃ ውስጥ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ከሆነ የጭስ ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው፣ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታ ነው። የዘይት መሙያው ላይ ወተት የመሰለ ነገር ካለም ያው። እንደዚህ ከሆነ የፈለጋችሁትን ራዲያተር ብትገዙ አይጠቅማችሁም።

የውሃ ፓምፑና ቺንጋው (የሚያዞረው ቀበቶ) ቶሎ የሚታዩ ናቸው፣ ፓምፑ ከስር ካለችው ቀዳዳ ካንጠባጠበ አለቀለት።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ራዲያተሩ ኑ። መጀመሪያ በውጭ ተዘግቶ እንደሆነ፣ በተለይ ኤሲ ካለው በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መሃል ገለባ፣ ትንኝ፣ ጭቃ ተጋግሮ ልታገኙ ትችላላችሁ። ገጠር የሚሰራ መኪና ላይ ጤፍ ሲወቃ የሚበነው ብናኝ ብቻውን ይዘጋዋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ነው የሚታጠበው፣ ከፊት በኩል በሃይል ብትረጩ ቆሻሻውን የበለጠ ትጠቀጥቁታላችሁ፣ በቱቦዎቹ መሃል ያሉትን ቀጫጭን ቅጠሎችም ታጣምማላችሁ። ከዛ ውስጡን ለማወቅ አውርዱት፣ የታችኛውን አፍ በመዳፋችሁ ዝጉ፣ በላይ በኩል ውሃ ሙሉና በአንዴ ልቀቁት። ግርር ብሎ መውረድ አለበት። እየተንጠባጠበ የሚወርድ ከሆነ ውስጡ ደፍኗል።

ሁለተኛ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

የመዳብና የነሐሱ አሮጌ ራዲያተር ከሆነ የሚጠገን ነገር ነው። ራዲያተር ሰሪ ጋር ወስዳችሁ ላይኛውና ታችኛው ታንክ ይነቀላል፣ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ በሽቦ ይጠረጋሉ፣ በስታኞ (በሚቀልጥ ቆርቆሮ) ይዘጋል። ይሄ ሲሰራ ቁጭ ብላችሁ እዩ እላለሁ። ምክንያቱም አንዳንድ ሰሪ የሚያፈስ ቱቦ ሲያገኝ ከላይና ከታች ደፍኖት ያልፋል፣ ውሃው ይቆማል፣ እናንተም ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ፣ ግን እያንዳንዱ የተደፈነ ቱቦ ከማቀዝቀዝ አቅሙ ላይ የተቀነሰ ነው። አንድ ሁለት ቱቦ ምንም አይደለም፣ ከዛ በላይ ከሆነ ግን ጭነት ለሚይዝ መኪና አይሆንም። ቅጠሎቹን በጥፍራችሁ ነካ አድርጉ፣ እንደ ደረቀ የሻይ ቅጠል ብስብስ ብለው ከረገፉ ወይም ከቱቦው ከተላቀቁ ሙቀት የሚያስወጣው ነገር ስለሌለ መጠገኑን እርሱት።

አልሙኒየም ሆኖ ታንኩ ፕላስቲክ የሆነው ደሞ ፕላስቲኩ ሲያረጅ ቡናማ ይሆናል፣ የላይኛው ቱቦ የሚገባበት አንገት ስር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይታያል። በማጣበቂያ የሚይዝ የለም፣ ቀን ገዝቶላችሁ መንገድ ላይ ነው የሚያስቀራችሁ። እንቁላል ወይም የማፍሰሻ ማቆሚያ ዱቄት መጨመር ደሞ በጣም የምጠላው ነገር ነው። የሚያፈሰውን ቀዳዳ የሚደፍን ነገር የማያፈሰውንም ይደፍናል፣ የሂተሩንም ራዲያተር አብሮ ይዞት ይሄዳል። በረሃ መሃል ነፍስ ለማዳን ካልሆነ አታድርጉት፣ ካደረጋችሁም ከተማ እንደገባችሁ አሳጥቡት።

ሶስተኛ፦ መኪናችሁን እወቁት

«ሃይሉክስ 1995» ማለት ምንም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የወጣው ትውልድ ውስጥ ብቻ ቤንዚንም ናፍጣም፣ የተለያየ መጠን ያለው ሞተርም፣ ባለ አንድና ባለ ሁለት ዲፍረንሻልም አለ። ከ1997 በኋላ የመጣው ደሞ ሌላ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የተመታ ላመራ (ስስ የብረት ሳህን) ታገኛላችሁ፣ ሞዴሉ፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) በኮድ ተጽፎበታል። ፎቶ አንሱት። ሊብሬው ላይ ያለውንም የሻንሲ ቁጥር ፎቶ አንሱ።

ግን በዚህ አትቁሙ፣ እኛ አገር ሞተር የተቀየረለት ፒካፕ ብዙ ነው። 2ኤል ይዞ የገባ መኪና ላይ 3ኤል ወይም 5ኤል ተጭኖ ታገኛላችሁ። 2ኤል 2.4 ሊትር ነው፣ 3ኤል 2.8፣ 5ኤል ወደ 3.0 ይጠጋል፣ ሞተሩ ሲተልቅ የሚያወጣው ሙቀትም ይጨምራል፣ ራዲያተሩ ግን የድሮው የትንሹ ሞተር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር አይታችሁ አረጋግጡ፣ ቆሻሻ ከሸፈነው በናፍጣና በብሩሽ ጥረጉት። የሚገዛው ለሞተሩ የሚበቃ፣ ለአካሉ የሚገጥም ነው፣ ሁለቱም።

ካምቢዮውንም ለዩ። አውቶማቲክ ከሆነ የታችኛው ታንክ ውስጥ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ አለ፣ ከውጭ ሁለት ቀጫጭን የብረት ቱቦ ይገባበታል። የአውቶማቲኩን ራዲያተር ማንዋል መኪና ላይ ብትገጥሙት ችግር የለውም፣ ሁለቱን አፎች በላስቲክ ዘግታችሁ መተው ነው። የማንዋሉን ለአውቶማቲክ መግጠም ግን ካምቢዮ መግደል ነው።

ለቶዮታ ሌላ የሚረዳችሁ ነገር የክፍል ቁጥር ነው፤ ራዲያተር 16400 ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ክዳኑ 16401፣ የላይኛው ቱቦ 16571፣ የታችኛው 16572። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው የእናንተን መኪና የሚለየው። አሮጌው ራዲያተር ላይ ተለጥፎ ወይም ተመትቶ ካገኛችሁት ወርቅ ነው፣ ጻፉት።

አራተኛ፦ ሜትር አውጡና ለኩ

ከሁሉ በላይ የምላችሁ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ ነው። ከክፍለ ሀገር የምታስመጡ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ እንዲገዛላችሁ የምትልኩ ከሆነ ደሞ የሚከተለውን በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፎቶ ጋር ላኩ።

የመሃሉን ለኩ፣ ማለትም ታንኮቹን ሳትጨምሩ ቅጠልና ቱቦ ያለበትን ክፍል ብቻ፦ ቁመት፣ ወርድ፣ ውፍረት፣ በሚሊ ሜትር። ሰው ቁመትና ወርድ ለክቶ ውፍረቱን ይረሳዋል፣ እኔን የበላኝ እሱ ነው። ብዙ ካርቶን ላይ 16፣ 26፣ 32፣ 36፣ 48 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ፣ የውፍረቱ ሚሊ ሜትር ነው። 16ና 26 ለቀላል መኪና ነው የሚመቸው፣ ለሚጭን የናፍጣ ፒካፕ ከወጣበት ውፍረት በታች በፍጹም አትውረዱ።

ከዛ ከነታንኩና ከነእግሩ ጠቅላላውን ለኩ። የቱቦ አፎቹን ውፍረት በውጭ በኩል ለኩ፣ ከሁለት ሚሊ በላይ ልዩነት ካለ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) አጥብቃችሁ የምታልፉት አይደለም፣ ግፊት ሲመጣ ይሾልካል። አፎቹ በየት በኩል እንደሆኑ ጻፉ፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ ሆናችሁ ስታዩት ላይኛው በቀኝ ነው በግራ፣ ታችኛውስ፣ ቀጥ ያለ ነው የታጠፈ። ክዳኑ ያለበትን ቦታ፣ የትርፍ ውሃ ቀጭኗ ቱቦ የምትወጣበትን፣ ማፍሰሻዋን፣ የጎን ብሎን ቀዳዳዎች ርቀት፣ የፋን መከለያው የሚታሰርባቸውን ቀዳዳዎች፣ ሁሉንም።

በመጨረሻ ደሞ ከፋኑ ጫፍ እስከ ራዲያተሩ ያለውን ክፍተት ለኩ። «ወፍራም ይሻላል» ብሎ 48 ገዝቶ ፋኑ ሊነካው የደረሰ አውቃለሁ። ሞተር በጎማ ትራስ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ፍሬን ሲያዝ፣ ጉድጓድ ሲገባ ወደ ፊት ይነቃነቃል፣ የሞተር ጎማዎቹ ካረጁ ደሞ የበለጠ። ቢያንስ ሁለት ጣት ተደራርቦ የሚገባበት ክፍተት መቅረት አለበት።

አምስተኛ፦ መዳብ ወይስ አልሙኒየም?

እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ። «መዳብ ሙቀት በደምብ ያስተላልፋል» የሚለው እውነት ነው፣ ከአልሙኒየም ጋር በብረትነቱ ብቻ ሲወዳደር መዳብ ይበልጣል። ግን የአልሙኒየሙ ቱቦ ሰፋ ተደርጎ ስለሚሰራና ቅጠሉ ከቱቦው ጋር በደምብ ስለሚያያዝ ጥሩ ባለ ሁለት ረድፍ አልሙኒየም ከባለ ሶስት ረድፍ መዳብ እኩል ሊሰራ ይችላል። ስለዚህ የረድፍ ቁጥር ብቻ እየቆጠራችሁ አትወስኑ፣ ሻጮች «ሶስት መስመር ነው» ሲሉ ብዙ ሰው እዛው ይሸነፋል።

የእኔ ፍርድ የሚሄደው መኪናው የት ነው የሚሰራው በሚለው ነው። ገጠር፣ ኮረኮንች፣ ከዋና ከተማ ርቆ ከሆነ መዳብ ግዙ፣ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይበዛል፣ ግን ድንጋይ ቢመታው ደሴም ጅማም ያለ ሰሪ በስታኞ ይዘጋላችኋል። ከተማ ውስጥና በአስፋልት የሚሰራ ከሆነ ጥሩ ስም ያለው አልሙኒየም ባለ ፕላስቲክ ታንክ ይበቃል፣ ዴንሶ፣ ኮዮ፣ ኒሰንስ የመሳሰሉት በዚህ ስራ የታወቁ ናቸው። ሙሉ ለሙሉ አልሙኒየም የሆነውም አለ፣ ጠንካራ ነው፣ ግን የአልሙኒየም ብየዳ የሚችል ሰው አጠገባችሁ መኖሩን አስቡ።

ቅጠሎቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡም እዩ። የተጠጋጋ ቅጠል አዲስ እያለ በደምብ ያቀዘቅዛል፣ አቧራ መንገድ ላይ ግን በሁለት ወር ይደፈናል። አፋር ወይም ሶማሌ ክልል የምትሰሩ ከሆነ ወፈር ያለ ውፍረት ከለቀቅ ያለ ቅጠል ጋር ይሻላችኋል፣ ማጠብም ይቀላል።

ስድስተኛ፦ ገበያው ላይ

መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄዳችሁ እንደሆነ ያገለገለውም አዲሱም አለ። ጠዋት ሂዱ፣ በጥድፊያ ሰዓት ማስተያየት አይቻልም። ሁለተኛውን ራዲያተር የገዛሁ ጊዜ እንዴት እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። አሮጌውን በጆንያ ጠቅልዬ ይዤ ገባሁ፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ሱቅ፣ አዲስ አወጣልኝና «ልጄ ይሄ ለሁሉም ሃይሉክስ ይሆናል» አለኝ። «እሺ ጋሼ፣ አንዴ እናስተያየው» አልኩና ካርቶን መሬት ላይ ዘርግቼ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምኳቸው። ከፊት ስታዩአቸው መንታ ናቸው። አጋድሜ ከጎን ሳያቸው የታችኛው አፍ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ሜትሩን ሳስጠጋ ውፍረቱ በ16 ሚሊ ይቀንሳል፣ የፋን መከለያው ቀዳዳ ደሞ ጭራሽ የለም። ሰውዬው አልተቆጣም፣ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየና «አልተሳሳትክም» ብሎ ከኋላ ሌላ አመጣ፣ ያ ነው እስከዛሬ መኪናዬ ላይ ያለው። አሮጌውን ባልይዝ ኖሮ የመጀመሪያውን ይዤ እወጣ ነበር።

ስትመርጡ ካርቶኑን አትመኑ፣ ጥሩ ስም ያለው ካርቶን ውስጥ ሌላ እቃ ይገባል። እቃው ላይ ራሱ ያለውን ጽሁፍ ፈልጉ። የክዳኑ መቀመጫ ዙሪያው ለስላሳና ቀጥ ያለ መሆኑን በጣታችሁ ዳስሱ፣ ጎርበጥ ካለ ክዳን አይዝም። ፕላስቲክ ታንክ ከሆነ ጠርዙን የያዙት የአልሙኒየም ጥርሶች እኩል መታጠፋቸውን እዩ። የማፍሰሻዋን ብሎን ፈታችሁ መልሱ፣ ጥርሱ የተበላ ከሆነ እዛው ይታያል። ከኋላው የስልክ መብራት አብርታችሁ በፊት በኩል እዩ፣ ብርሃኑ እኩል ማለፍ አለበት።

ያገለገለ ከሆነ ደሞ በአይን ብቻ አትግዙ። አፎቹን በላስቲክ ዘግቶ በውሃ በርሜል ውስጥ ነክሮ አየር በመንፋት ይፈተሻል፣ ጎሚስታ ጋር ይሰራል፣ ግን አየሩ ከ1 ባር፣ ማለትም ከ15 ፒኤስአይ ገደማ እንዳያልፍ ቆማችሁ ጠብቁ፣ የጎማ ግፊት ከለቀቁበት ጤነኛውንም ያፈነዱታል። አረፋ ከወጣ መልሱት። በክዳኑ አፍ ውስጥም በመብራት እዩ፣ የቱቦዎቹ አፍ ላይ ነጭ ወይም ቀይ ቅርፊት ከተጋገረ የእናንተው አሮጌ ነው በሌላ ዋጋ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ እቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ባለፈው ወር ሰው የነገራችሁን ይዛችሁ አትከራከሩ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ሶስት ሱቅ ጠይቁ። ደረሰኝ ስትቀበሉ «ካልገጠመ በሶስት ቀን ይመለሳል» ብለው ጀርባው ላይ እንዲጽፉላችሁ አድርጉ፣ በቃል የተባለ ነገር ሱቁን ከለቀቃችሁ በኋላ አይገኝም።

ሰባተኛ፦ አብሮ የሚገዛ

ክዳን፣ ቴርሞስታት ከነጓርኒሲዮኑ፣ የላይና የታች ቱቦ፣ አዲስ ፋሼታ፣ ራዲያተሩ የሚቀመጥባቸው ጎማዎች። እነዚህ ጎማዎች ትንሽ ነገር ይመስላሉ ግን ከሌሉ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ራዲያተሩ ይሄድና እግሩ ስር ይሰነጥቀዋል። የታችኛውን ቱቦ ስትገዙ አሮጌው ውስጡ የሽቦ ስፕሪንግ ካለው አዲሱም እንዳለው አረጋግጡ፣ ፓምፑ ስለሚስብ ያለ ስፕሪንጉ ይጣበቃል።

ኩላንት ግዙ፣ ባዶ ውሃ አታድርጉ። ኩላንት ለብርድ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፣ ዋናው ስራው እኛ ጋር ዝገት መከላከልና መፍያውን ከፍ ማድረግ ነው። ቀይና አረንጓዴ አትቀላቅሉ። ያልተበጠበጠ ከሆነ ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ፣ የጉድጓድ ወይም የወንዝ ውሃ ኖራው ቱቦው ውስጥ ይቀራል።

ስምንተኛ፦ ገጠማ

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ብሎኩን እጠቡ። ይሄን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፣ ሞተሩ ውስጥ የተቀመጠው የአመታት ዝገት በአንድ ሳምንት አዲሱ ራዲያተር ውስጥ ይገባል። ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ በላይኛው በኩል ንጹህ ውሃ በጎማ ልቀቁ፣ ቀይ የነበረው ውሃ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ። የሂተሩን መክፈቻ ሙቅ ላይ አድርጉት፣ እዛ ያለውም ይወጣል።

ስትገጥሙ ካርቶን ቆርጣችሁ በፋኑና በራዲያተሩ መሃል አስገቡ፣ ቁልፍ ቢያመልጣችሁ ቅጠሉን አይቀደውም። ብሎኖቹን በእጅ ሁሉንም ካስያዛችሁ በኋላ አጥብቁ፣ በሃይል የሚጎተት ራዲያተር አልገጠመም ማለት ነው፣ ደግማችሁ ለኩ። ውሃውን ቀስ እያላችሁ ሙሉት፣ መኪናው አፍንጫው ወደ ዳገት ቢዞር አየሩ በቀላሉ ይወጣል። የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ። ክዳኑን ሳትገጥሙ አስነሱና ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ጠብቁ፣ ሲከፈት ውሃው በድንገት ዝቅ ይላል፣ ሙሉና ክደኑት።

ማታ አቁማችሁ ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ እንደገና ክፈቱና እዩ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጎድላል። ሶስት ቀን እንዲሁ አድርጉ፣ ከዛ በኋላም በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ፋሼታዎቹን ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ አንዴ አጥብቁ። ለመፈተሽ መጀመሪያ ባዶውን ረጅም ዳገት አውጡት፣ መርፌው ቦታውን ካልለቀቀ በሚቀጥለው ቀን በጭነት።

አሮጌውን ራዲያተር ወዲያው ለቆራሌው እንዳትሰጡ። መዳብ ከሆነ በኪሎ ጥሩ ይሸጣል፣ ሁሉም ይጠይቃችኋል፣ ግን አዲሱ ሁለት ሳምንት ሰርቶ፣ አንድ ረጅም መንገድ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ጥግ አስቀምጡት። የሚመለስ ነገር ቢኖር ሱቁ ድረስ ይዛችሁት የምትሄዱት መለኪያ እሱ ነው።